ፈንታሌ ላይ ድንጋዩ ይሞቃል

ጤና ይስጥልኝ ወዳጆቼ። ዛሬም ደሴ ነኝ፤ ጉም ወርዶ ተራራችን ጦሳ ከነጭራሹ አይታይም።

ስለ ፈንታሌ እሳተ ገሞራ ተራራ ላወራችሁ ነው። ከጓደኞቼ ጋር በኮምቦልቻ ወርደን፣ በባቲና በሚሌ ዞረን አዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ገባን። ድንኳን ተክለን አደርን፤ ሌሊቱን ሙሉ ጅብ ሲጮህ ነበር። አብሮን ያለው ስካውት፣ የፓርኩ ጠባቂ ማለት ነው፣ የዚያ አካባቢ አርብቶ አደር የከረዩ ልጅ ነው። «ከሌሊቱ 10 ሰዓት እንነሳ» ቢለን አልሰማነውም። እኛ የጦሳ ልጆች ቁርስ በልተን፣ ጃኬት ደርበን ነው ተራራ የምንወጣው። የፈንታሌ ጫፍ ደግሞ 2,007 ሜትር ነው፤ ደሴ ከተማዋ ራሷ ከዚያ ከፍ ትላለች። ምን ያስቸግራል አልን።

ረፋድ 4 ሰዓት ላይ መውጣት ጀመርን። ፀሐይዋ አናት ትበሳለች፣ መሬቱ ከስር ይፋጃል፣ ግራሩ ደግሞ እሾህ እንጂ ጥላ የለውም። በነፍስ ወከፍ 2 ሊትር ውሃ ነበር የያዝነው፤ ጫፍ ሳንደርስ አለቀ። ልጁ ምንም ሳይናገር ኮዳውን ፈታና ለእኛ ሰጠን። እሱ አልጠጣም። ይሄን መቼም አልረሳውም። እባካችሁ፣ የምትሄዱ ካላችሁ ውሃውን እጥፍ አድርጉት፤ ስካውቱ ተነሱ ሲላችሁም ተነሱ።

ከላይ ስታዩት የተራራው አናት ወደ ውስጥ ተደርምሶ ትልቅ ጎድጓዳ ሜዳ ሆኗል። ከስንጥቁ እንፋሎት ይወጣል። እዚያ አጠገብ ድንጋዩን በመዳፌ ነካሁት፤ እናቴ እንጀራ ጋግራ ስትጨርስ ምጣዱ እንደሚሞቀው ነው የሚሞቀው። ዝም ብዬ ቆየሁ። የኛ ጦሳም እኮ እንዲህ ነበር። ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ቅልጥ አለት በላይ በላዩ እየፈሰሰ የከመረው ነው፤ ገደሉ እንደ ደረጃ የተደራረበው ለዚህ ነው። ልጅ ሆነን ስንንሸራተትበት ማን ነገረን?

ከዚያ 2017 ዓ.ም. መጣ። ከመስከረም ጀምሮ ፈንታሌ አካባቢ መሬቱ ሲንቀጠቀጥ ከረመ፤ ከስር ቅልጥ አለት አለቱን እየሰነጠቀ ሲገባ ማለት ነው። አስፋልት ተሰነጠቀ፣ ብዙ ሰው ቀዬውን ለቆ ወጣ። እኔ ዓይኔ ላይ የመጣው ያ ኮዳ ነው። ለልጁ ደወልኩለት። ሦስት ቀን አልተነሳም፤ በአራተኛው አነሳው።

«ልጆቹን አሽሽቻለሁ» አለኝ።

«አንተስ?»

«ከብቶቹ ጋ ነኝ። ሣሩ ያለው እዚህ ነዋ።»