ትምህርት ቤቱ ገንዘብ አነሰው ሲባል፦ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

በሲያትልና በአካባቢዋ ያላችሁ አድማጮች ስለ ትምህርት ቤት በጀት ብዙ ጠይቃችኋል። የትምህርት ዲስትሪክት (የአንድ አካባቢ ትምህርት ቤቶችን የሚያስተዳድረው አካል) በጀት ሥራን ከውስጥ የሚያውቁት እንግዳችን የመለሱላችሁን በጽሑፍ አቅርበነዋል።

ከሬኒየር ቢች የደወለች እናት፦ የቤት ግብር በየዓመቱ ይጨምራል። ዲስትሪክቱ ደግሞ ስቴቱ ገንዘብ ቀነሰብን ይላል። ማንን እንመን?

ሁለቱም በየመልኩ እውነት አለው እህቴ። የዋሽንግተን ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ2012 ስቴቱ ለመሠረታዊ ትምህርት በቂ ገንዘብ አይሰጥም ብሎ ፈረደ። የመክሊሪ ጉዳይ የሚባለው ነው። የስቴቱ ሕግ አውጪዎች ነገሩን ሲያጓትቱት በ2015 በቀን 100 ሺህ ዶላር ቅጣት ጣለባቸው። መዝገቡ የተዘጋው በ2018 ነው። ገንዘቡ የመጣው ግን በቅድመ ሁኔታ ነው። በ2017 የወጣው ሕግ የስቴቱን የንብረት ግብር ጨመረ፤ በምላሹ ዲስትሪክቶች በራሳቸው ሌቪ (መራጭ በሚያጸድቀው የአካባቢ የንብረት ግብር) የሚሰበስቡትን ገደበ። ግብርሽ የጨመረውም፣ ዲስትሪክቱ እንደ ልቡ መሰብሰብ ያቃተውም ከዚያ ወዲህ ነው።

ከዚያ የኑሮ ውድነቱ መጣ። ደመወዝ፣ ኢንሹራንስ፣ ነዳጅ ሁሉም ወጣ። ስቴቱ የሚልከው ዶላር በቁጥር አልቀነሰም፤ ወጪውን ግን አልደረሰበትም። በ2019 አካባቢ ከስቴቱ በጀት ከግማሽ በላይ ለትምህርት ቤቶች ይሄድ ነበር፤ በኋላ ወደ 43 በመቶ ገደማ ወርዷል። ከፌዴራል የመጣው የኮቪድ ገንዘብም ቀነ ገደቡ ሴፕቴምበር 2024 ላይ አበቃ። አንዳንድ ዲስትሪክቶች በዚያ ጊዜያዊ ገንዘብ ቋሚ ሠራተኛ ቀጥረውበት ነበር። ይህንን ጥፋት በስቴቱ ላይ ማላከክ አይቻልም።

ልዩ ፍላጎት ላላቸው ልጆች የሚወጣው ደግሞ ለብቻው ታሪክ ነው። ስቴቱ የሚከፍለው የተወሰነ መቶኛ ተማሪ ድረስ ብቻ ነበር። ከዚያ በላይ ያለውን ልጅ ዲስትሪክቱ በሕግ ማስተማር ነበረበት፤ ክፍያ ግን አያገኝበትም ነበር። ገደቡ የተነሳው በ2025 ነው። ቢሆንም ብዙ ዲስትሪክቶች እስካሁን ከሌቪያቸው እየቆረሱ ነው የሚሞሉት።

አንድ አባት፦ አጥር አጥረው አዲስ ሕንፃ ይሠራሉ፣ አስተማሪ ግን ሌይኦፍ ያደርጋሉ። ይሄ ምን ይሉታል?

በየስብሰባው የሚነሳ ጥያቄ ነው። የዕድር ገንዘብ ለዕቁብ አይከፈልም አይደል? ይህም እንደዚያው ነው። ለሕንፃ ተብሎ በቦንድ (መራጭ በሚፈቅደው ብድር) ወይም በካፒታል ሌቪ የተሰበሰበ ገንዘብ ለአስተማሪ ደመወዝ አይውልም፤ ሕጉ አይፈቅድም። ለማጽደቅ የሚፈለገው ድምፅም ይለያያል። ሌቪ ከግማሽ በላይ ካገኘ ያልፋል። ቦንድ 60 በመቶ ይፈልጋል። በፌብሩዋሪ 2025 የሲያትል መራጭ የሥራ ማስኬጃውንም የሕንፃውንም ሌቪ አጽድቋል። በጀት ላይ ጉድለት አለ ሲባሉ መጀመሪያ "በየትኛው ሂሳብ ላይ?" ብለው ይጠይቁ። ንግግሩ ወዲያው ግልጽ ይሆናል።

ከሴንትራል ዲስትሪክት፦ ልጄ የምትማርበት ይዘጋ ይሆን ብዬ እንቅልፍ አጣሁ። ትምህርት ቤት መዝጋት እውነት ገንዘብ ያድናል?

ሰው እንደሚያስበው አይደለም። ሲያትል በ2024 ወደ 20 የሚጠጉ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችን ልዝጋ ብሎ ተነሳ። ወላጅ ተቆጣ። ቁጥሩ ወደ አራት ወረደ፤ በኖቬምበር ጭራሽ ተሰረዘ። የተሰጠውን ግምት ይመልከቱ፦ ከአንድ ትምህርት ቤት የሚተርፈው ከ750 ሺህ እስከ 2 ሚሊዮን ዶላር ነው። የጎደለው ደግሞ ወደ 100 ሚሊዮን ይጠጋ ነበር። ሕንፃው ቢዘጋም ልጆቹ ወደ ሌላ ይሄዳሉ፣ አስተማሪዎቹም ይከተሏቸዋል። የሚተርፈው የርዕሰ መምህሩ፣ የጸሐፊዋ፣ የመብራቱና የጽዳቱ ወጪ ነው።

የትምህርት ቤት በጀት አብዛኛው ለሰው ነው የሚሄደው፤ ደመወዝና ጥቅማጥቅም ሲደመር ከአምስት ዶላር አራቱ ማለት ይቻላል። ስለዚህ ትልቅ ጉድለት ያለ ሠራተኛ ቅነሳ አይሞላም። ክፍል ውስጥ ሁለት ልጅ መጨመር ከመዝጋቱ የበለጠ ያተርፋል። ማንም በአደባባይ ማለት የማይፈልገውም ይሄንኑ ነው። "ዋናው ቢሮ ይቀነስ" የሚለውን እኔም እደግፋለሁ፤ ግን ቢሮውን ባዶ ቢያደርጉትም 100 ሚሊዮን አይሞላም። መጠባበቂያ ገንዘብ ማውጣት ደግሞ ለአንድ ዓመት ነው፤ በሚቀጥለው ያው ጉድለት በሩ ላይ ይቆማል። ልጅዎ የምትማርበት ትምህርት ቤት ለሚመጣው ዓመት ዝርዝር ውስጥ ካለ ግን ዛሬ በሰላም ይተኙ።

አማርኛ ተናጋሪ ረዳት መምህርት፦ መጀመሪያ የሚቆርጡት እኛን ነው ይላሉ። መብታችን ምንድን ነው?

የእርስዎ ቦታ ሊቀነስ ይችላል፤ ለልጆቹ የሚሰጠው የቋንቋ ድጋፍ ግን ሊጠፋ አይችልም። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1974 ላው በኒኮልስ ላይ ባቀረበው ክስ የወሰነው ይህንን ነው። የገንዘብ እጥረት ለዚህ ምክንያት አይሆንም። ወላጅም ነፃ አስተርጓሚ የማግኘት መብት አለው። ሥራዎን በተመለከተ ወሳኙ የዩኒየኑ ውል ነው፤ የሥራ ዘመንዎ የሚቆጠርበት ቀን በትክክል መመዝገቡን ዛሬውኑ ያረጋግጡ። ለአስተማሪዎች የቅነሳ ማስታወቂያ የሚደርሰው በሕግ እስከ ሜይ 15 ነው። የእናንተ ቀን ከዚያ ስለሚለይ ውሉን አንብቡ።

ከሬንተን፦ ለገናና ለጥምቀት ኢትዮጵያ ልንሄድ ነው። ልጆቹን ይዤ ብቆይ ትምህርት ቤቱን ይጎዳዋል?

ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ማንም አይጠይቀውም። ስቴቱ የሚከፍለው ተማሪ ቆጥሮ ነው። በሴፕቴምበር በአራተኛው የትምህርት ቀን፣ ከኦክቶበር እስከ ጁን ደግሞ በየወሩ የመጀመሪያ የትምህርት ቀን ይቆጠራል። አንድ ልጅ 20 የትምህርት ቀን በተከታታይ ከቀረ እስኪመለስ ድረስ ከቆጠራው ይወጣል። ጥምቀትን አክብራችሁ ወዲያው ከተመለሳችሁ የዲሴምበሩ ዕረፍት ስለማይቆጠር ችግር የለውም። ዐቢይ ጾም እስኪገባ ልቆይ ካሉ ግን ይጎዳል። ከአሥሩ ቆጠራ አንዱ ሲጎድል ለአንድ ልጅ ከሺህ ዶላር በላይ ይቀራል። ልጁም ስሙ ሊሰረዝ ይችላል፤ ሲመለስ እንደ አዲስ መመዝገብ ሊኖርበት ነው። መልካም ጉዞ!

በዚያው የምሳ ቅጹንም ሞልተው ይሂዱ። ምሳ ለሁሉም ነፃ በሆነበት ትምህርት ቤትም ቢሆን የገቢ መረጃው ለተጨማሪ ድጋፍ የሚመደበውን ገንዘብ ይወስናል። ይሉኝታ ይዟቸው የማይሞሉ ብዙ ወገኖች አሉ።

ከኬንት፦ ዜጋ አይደለሁም፣ ድምፅ አልሰጥም። ዝም ልበል?

ለምን? ቦርዱ ፊት ለመናገር ዜግነት አይጠየቅም። አስተርጓሚ አስቀድመው ይጠይቁ። በጀቱ በሕግ የሚጸድቀው እስከ ኦገስት 31 ነው፤ ቅነሳው ግን በጸደይ ተወስኖ ያልቃል። ኦገስት ላይ የሚመጣ ሰው የሚሰማው ያለቀ ነገር ነው። በማርችና በኤፕሪል ይሂዱ።

አንድ አባት፣ የ70 ዓመት ሰው፦ ልጆቼ ተምረው ጨርሰዋል። በጡረታ ገንዘብ ሌቪውን እስከ መቼ ልክፈል?

አባቴ፣ ላይከፍሉ ይችላሉ። 61 ዓመት የሞላው፣ በራሱ ቤት የሚኖርና ገቢው ለካውንቲው ከተወሰነው ጣሪያ በታች የሆነ ሰው በመራጭ ከሚጸድቀው የትምህርት ቤት ሌቪ ነፃ ይሆናል። የሚያመለክቱት ለካውንቲው አሴሰር (የንብረት ግምት ቢሮ) ነው። መስፈርቱን ቀድሞም ያሟሉ ከነበረ ላለፉት ሦስት ዓመታት የከፈሉትን ማስመለስ ይቻላል። ከልጆችዎ አንዱ ኦንላይን ይሙላልዎ።