ተደብቀን ስለምናነባቸው መጻሕፍት

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን አመሻችሁ?

አንድ ልቦለድ ልተርክላችሁ። አባት ጦር ሜዳ ላይ ይማረካል። ወንድ ልጁ ከቤት ወጥቶ በዚያው ይቀራል፤ ለካ በባርነት እጅ ወድቋል። መንታ እህቱ የወንድ ልብስ ለብሳ ከአባቷ ጋር ፍለጋ ትወጣለች። መንገድ ላይ አንዲት የቤተ መንግሥት ልጅ ወንድ መስላት ፍቅር ይይዛታል። ከዚያ በኋላ ያለውን ግርግር ተዉት፣ ማለቂያው ሠርግ ነው።

ይሄን ታሪክ ዛሬ አንድ ልጅ ጽፎ ቢያመጣ «የቱርክ ድራማ ነው» ብለን እንመልሰው ነበር። መጽሐፉ ግን በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ የታተመው የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ «ልብ ወለድ ታሪክ» ነው፣ በኋላ «ጦቢያ» የተባለው። የአማርኛ ልቦለድ የሚጀምረው ከዚህ ነው። ከጀብዱ፣ ከፍቅር፣ ልብስ ቀይሮ ከማምለጥ።

ታዲያ እኛ አንባቢዎች መቼ ነው እንዲህ የተኮፈስነው? «ምን እያነበብክ ነው?» ሲባል ከባዱን መጽሐፍ እንጠራለን። ትራስ ሥር ያለው ሌላ ነው። የስለላው፣ የግድያው፣ የካምፓስ ፍቅሩ፣ ሽፋኑ ላይ ሽጉጥና ቀይ ከንፈር ያለበት። እሱን «ተራ ልቦለድ» ነው የምንለው። ዛሬ ስለዚህ «ተራ» ስለተባለው ነው የማወራው፤ እውነቱን ለመናገር ደግሞ አብዛኞቻችንን አንባቢ ያደረገን እሱ ነው።

መጀመሪያ ግን በከባዱና በተራው መካከል አለ የሚባለውን አጥር አንድ ጊዜ ገፋ አድርገን እንየው። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ማንም ሰው ከላይኛው መደርደሪያ አያወርደውም፣ አይገባምም። ግን ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. የሰጡን ምንድን ነው? የባላባት ልጅ ሰብለና አስተማሪዋ በዛብህ በድብቅ ይዋደዳሉ፣ አባት አለ፣ ማምለጥ አለ፣ መጨረሻው መቃብር ነው። የፍቅር ልቦለድ ነው! ጉዱ ካሣ ያን ሁሉ የሥርዓት ትችት የሚያዘንበው እኛ ስለ ሰብለና በዛብህ ተጨንቀን ገጹን ስለማንዘጋው ነው። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከውማ ፊደል ያልቆጠረ ሰው ሳይቀር ሰብለን እንደ ጎረቤት ልጅ አወቃት። መቼም ሕዝቡ ጆሮውን ሰጥቶ የተከተለው የሥነ ጽሑፍ ፋይዳውን መዝኖ አይመስለኝም። ቀጥሎ ምን እንደሚመጣ ማወቅ ስለፈለገ ነው።

«ኦሮማይ»ስ? በዓሉ ግርማ በ1975 ዓ.ም. ያወጣው መጽሐፍ አጥንቱ የስለላ ልቦለድ ነው። ጋዜጠኛ ፀጋዬ ደርግ ኤርትራ ውስጥ ላካሄደው የቀይ ኮከብ ዘመቻ አሥመራ ይወርዳል፤ ከተማው ውስጥ የስለላ መረብ አለ፣ በፍቅሯ የሚወድቅላት ፊያሜታ አለች፣ አዲስ አበባ የቀረች እጮኛ አለች። ደራሲው አንባቢውን በሴራና በፍቅር ይዞ እየጎተተ የባለሥልጣኑን ጠባይ፣ የጦርነቱን ከንቱነት ከፊቱ ዘረገፈለት። መጽሐፉ ከገበያ ተለቀመ፣ እሱም ከሥራው ተባረረ፤ የካቲት 1976 ከቤቱ እንደወጣ አልተመለሰም። እንግዲህ አስቡት፣ ማንም የማያነበው ከባድ መጽሐፍ ቢሆን ኖሮ ያን ያህል ያስደነግጣቸው ነበር? እኔ አይመስለኝም። ያስፈራቸው ሰው እየተሻማ ማንበቡ ነው። በ2017 ዓ.ም. በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ ሲወጣ የውጭ አንባቢም የተቀበለው እንደ ስለላ ልቦለድ ነው። እኛ ግን ዛሬም ድረስ በዓሉን ስናወድስ ይሄን ክፍሉን ዘለል እናደርገዋለን፣ የሚያሳፍር ይመስል።

ወደ ትርጉም ልሂድ፤ እዚህ ጋ ትንሽ ልቆይ ስለምፈልግ ታገሱኝ።

ነቢይ መኮንን በደርግ እስር ቤት ሆኖ የማርጋሬት ሚሼልን ትልቅ ልቦለድ ወደ አማርኛ መልሷል፣ «ነገም ሌላ ቀን ነው» ብለን የምናውቀውን። ወረቀት አልነበረም። የጻፈው በሲጋራ ፓኬት የውስጥ ወረቀት ላይ ነው፣ ወደ 3000 በሚጠጋ ቁራጭ። ቁራጮቹ በድብቅ ወጥተው ከዓመታት በኋላ መጽሐፍ ሆኑ። ይሄን ታሪክ ብዙዎቻችሁ ሰምታችኋል፤ እኔን ሁሌ የሚያስገርመኝ ግን የሲጋራ ወረቀቱ ሳይሆን የመጽሐፉ ምርጫ ነው። የፖለቲካ ፍልስፍና አልተረጎመም። በጦርነት መሐል ያለች የአንዲት ግትር ሴት ፍቅር ነው የተረጎመው፣ አሜሪካ ውስጥ በሚሊዮን ተሸጦ፣ ሃያሲዎች ገና ዱሮ አፍንጫቸውን የነፉበትን። ነገ ይኑር አይኑር የማያውቅ እስረኛ የሚፈልገው ቀጣዩን ምዕራፍ ነው።

ማሞ ውድነህን ደግሞ አስታውሱ። የስለላና የጦርነት ታሪክ በአማርኛ ማንበብ የለመድነው በአብዛኛው በእሳቸው እጅ ነው። ይልማ ሀብተየስ ነበሩ፣ የወንጀል ምርመራውን ልቦለድ የያዙት። ከዚያ የሲድኒ ሼልደንና የዳንዬል ስቲል ትርጉም እንደ ጎርፍ መጣ። ከአዟሪ ገዛን፣ በኪራይ ወሰድን፣ ገጹ የተገነጠለውንም መጨረሻውን በግምት ሞልተን ጨረስነው። ስለ ጥራቱ አልዋሻችሁም፤ አንዳንዱ ትርጉም ያሳፍራል። ምዕራፍ ይዘላል፣ ከባድ አንቀጽ ሲገጥመው ያልፈዋል፣ ዓረፍተ ነገሩ አማርኛ ለብሶ በእንግሊዝኛ ይራመዳል። «ውርስ ትርጉም»፣ ማለትም ታሪኩን ወደ አገር ቤት ማላመድ፣ ተብሎ የዋናው ደራሲ ስም ጭራሽ የጠፋበትም አለ፣ ይሄ በግልጽ አማርኛ ስርቆት ነው። ግን ከእነዚያ ተርጓሚዎች መሐል እጃቸው ወርቅ የሆነ ነበሩ፤ ንግግሩን ልክ ሰፈር ውስጥ እንደሚወራው አድርገው የሚጽፉ። ስማቸውን የምታስታውሱ ስንቶቻችሁ ናችሁ? አይዟችሁ፣ እጅ አውጡ አልላችሁም።

የራሳችን ጸሐፊዎችም አሉ። «ሰመመን» የዩኒቨርሲቲ ፍቅርን ይዞ ስንቱን ተማሪ እንዳነቃ ሲሳይ ንጉሡን ያነበበ ያውቃል። በ2001 ዓ.ም. የይስማዕከ ወርቁ የሳይንስ ልቦለድ «ዴርቶጋዳ» ሲወጣ የጣና ገዳማትን ከሲአይኤና ከሞሳድ ጋር አገናኝቶ ታክሲ ውስጥ፣ ካፌ ውስጥ፣ ዶርም ውስጥ ሁሉም እጅ ላይ ነበር። ሃያሲው «ቋንቋው ተንዛዛ፣ ነገሩ አይታመንም» አለ። እኔም አንዳንዱ ቦታ አላመንኩትም፣ ግን ሌሊቱን ቁጭ ብዬ ጨረስኩት። የሚገርመው ያን ያህል አንባቢ እያለ ተከትለው የመጡ የሳይንስ ልቦለዶች በጣት የሚቆጠሩ መሆናቸው ነው።

የወንጀል ምርመራውም ቀዝቅዟል። ለዚህ የራሴ ግምት አለኝ፤ መርማሪ ፖሊስን ጀግና አድርጎ ለመጻፍ አንባቢው በመጠኑም ቢሆን ፖሊስን ማመን አለበት። ካላመነ፣ ገዳዩ ሲያዝ «ይሄ ሰውዬ በእርግጥ እሱ ነው?» ብሎ መጽሐፉን ይዘጋል። ለጀማሪ ጸሐፊዎች ምክር ብሰጥ፣ መርማሪያችሁን ጡረታ የወጣች ነርስ ወይ የዕድር ጸሐፊ አድርጓት። የዕድር ጸሐፊ የማታውቀው ሬሳ የለም።

አንድ ነገር ልለምናችሁና ልውረድ። ልብ አንጠልጣይ ልቦለድ የሚጽፍ ሰው ተበድሮ ያሳትማል። የወረቀት ዋጋ የት እንደደረሰ ታውቃላችሁ። መጽሐፉ በወጣ በሳምንቱ ፒዲኤፉ ቴሌግራም ላይ ይለቀቃል፣ ዩቲዩብ ላይ ያለ ፈቃድ ይተረካል፣ እኛም «እናመሰግናለን ወንድሜ» ብለን ኮሜንት እንጽፋለን፤ ለማን? ለሰረቀው! በስም የምናከብራቸውን ትልልቆቹን ደራስያን መጽሐፍ ገዝተን መደርደሪያ ላይ እንሰቅላለን፣ ሌሊት እንቅልፍ የነሳንን ግን በነፃ እናወርደዋለን። ግዙት። የተርጓሚውንም ስም ከሽፋኑ ላይ አንብቡ፣ ከሌለ ሻጩን ጠይቁት።

በቃ ጨረስኩ። ማይኩ ይዙር፤ እያንዳንዳችሁ ለሰው ነግራችሁ የማታውቁትን አንድ መጽሐፍ ጥሩ። ከኋላ ወንበር ይጀመር፣ እዚያ ያላችሁት ስትሳሳቁ ስለነበር ነገር ሳይኖራችሁ አይቀርም።