ክፍል 41፦ ስድስተኛዋ ዳዶ

እንደምን አላችሁ። ዛሬ ብቻዬን ነኝ። ቤት ውስጥ የቮልስ ሞተር ለማውረድ ምን ምን መሣሪያ እንደሚያስፈልግ አወራለሁ ብዬ ነበር። አወራለሁ። ግን የቅዳሜው ነገር ከውስጤ አልወጣም።

ለጠየቃችሁኝ ሁሉ፣ ሰማያዊዋ የአባዬ ቮልስ አልተነሳችም።

የቀኙን ቴስታታ፣ የሲሊንደሮቹን ክዳን ማለት ነው፣ እየገጠምን ነበር። ስምንት ዳዶ ነው ያለው፣ ብሎኖቹ ላይ የሚጠብቅ ነት። ጋሼ፣ የአባዬ መካኒክ፣ በርጩማቸው ላይ ቁጭ ብለው በተራቸው አጠበቋቸው፣ መጀመሪያ ለስለስ አድርገው፣ ከዚያ ጠንከር። ሲያጠብቁ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። የአባዬን መኪና ሲሠሩም እንደዚሁ ነበሩ። ጨረሱ። ታዲያ ምን ነበረበት ዝም ብል? «ጋሼ፣ በቶርክ ሬንቹ ልየው?» አልኳቸው። «እዪው ልጄ» አሉኝ።

ቶርክ ሬንች የጥብቀት መለኪያ ቁልፍ ነው፤ የሞላችሁበት ልክ ሲደርስ ቀጭ ይላል። 32 ኒውተን ሜትር ላይ ሞላሁት። የመጀመሪያዋ ቀጭ አለች፣ ንቅንቅ ሳትል። ሁለተኛዋም። አምስተኛዋ ድረስ እንደዚያ ነው፤ ደስ ብሎኝ ነበር፣ እውነቴን ነው፣ ኮርቼባቸው ነበር። ስድስተኛዋ ዞረች፤ ላልታ ነበር ማለት ነው።

ብዙ አይደለም። ሩብ ዙር እንኳ አትሞላም። ከዚያ ቀጭ አለች። ጋሼ ዳዶዋን አዩ። ቀጥለው ቀኝ እጃቸውን አዩ። ከፈቱት፣ ጨበጡት፣ እንደገና ከፈቱት። «ሻይ አለ?» አሉኝ። ሻይ ይዤ ስመለስ ታጥበው ኮታቸውን ለብሰዋል።

እሺ፣ መሣሪያው። የቮልስ ሞተር ከጊርቦክሱ ጋር የተያያዘው በአራት ብሎን ነው፣ የ17 ቁልፍ ይበቃል። ግን መቶ ኪሎ ገደማ ስለሆነ ጎማ ያለው ጥሩ ክሪክ ያስፈልጋችኋል፣ የሚይዝ ሰውም። ብቻችሁን አትሞክሩት። የቮላኖዋ፣ ሞተሩ ጫፍ ላይ ያለችው ከባድ ተሽከርካሪ ጎማ፣ ዳዶዋ የ36 ቁልፍ ናት፤ የምትጠብቀው በ300 ኒውተን ሜትር አካባቢ ነው። አንድ ሜትር ቧንቧ ቁልፉ ላይ ሰክታችሁ ጫፉ ላይ 30 ኪሎ እንደ መጫን አስቡት። ለፋሻ፣ ለፒስተኑ ቀለበት፣ መጭመቂያ፤ ለቫልቭ ፊለር ጌጅ፣ ክፍተት መለኪያ ስስ ብረት። የቫልቩ ክፍተት 0.15 ሚሊ ሜትር፣ ሞተሩ ቀዝቅዞ። ሱማሌ ተራ ያገለገለ ቁልፍ በርካሽ ይገኛል፤ ቶርክ ሬንች ግን ያገለገለ አትግዙ። ውስጡ ያለው ስፕሪንግ ከደከመ በምን ታውቃላችሁ?

በምን ታውቃላችሁ። ይኸው፣ ተመልሼ እዚያው።

ሌሊት የመጣብኝ ሐሳብ አለ። አምስቱ ሳይዞሩ ቀጭ አሉ ማለት ልክ 32 ላይ ነበሩ ማለት አይደለም። 40ም ላይ ቢሆኑ ያው ነው የሚሉት፤ ሬንቹ ማነሱን እንጂ መብለጡን አይነግርም። ደግሞ የሰማያዊዋ ሞተር አካል ማግኒዚየም ነው፣ ለስላሳ ነው። ብሎኖቹ እዚያው ለስላሳው ውስጥ ነው የተተከሉት። ከዓመታት ሙቀት በኋላ ጥርሱ እየተበላ ብሎኑ ሊሳብ ይችላል። ስለዚህ የላላው እጃቸው ላይሆን ይችላል። ብሎኑ ከሥሩ እየተነቀለ ከሆነስ? ያ ከሆነ ደግሞ የባሰ ነው፣ ሞተሩን እንደገና መበተን ነው፣ ጥርስ ማስወጣት፣ ቡሽ ማስገባት...

እና እኔ ያንን እየተመኘሁ ነው። ገባችሁ? የአባዬ ሞተር እንዲበላሽ።

ደውዬ ልንገራቸው አልኩ። «ጋሼ፣ ማግኒዚየሙ ነው እኮ» ልላቸው። ግን እሳቸው ስለ ማግኒዚየም ከእኔ ይማራሉ? እንደማባብላቸው ነው የሚገባቸው። አርባ ዓመት በዚያ እጅ ነው የሠሩት። አንድም ቀን መለኪያ ይዘው አላየሁም፣ አባዬም ለካልኝ ብሎ አያውቅም። ሬንቹ ልክ ነው። መፈተሼም ልክ ነው፤ አሁንም ቢሆን ሳትፈትሹ አትዝጉ እላችኋለሁ። ግን እሳቸው ሲሄዱ ብቻዬን መፈተሽ እችል ነበር።

ማክሰኞ ደወልኩ። ስለ ዝናቡ አወራን። ስለ ጉልበታቸው። «ሰማያዊዋስ?» አላሉኝም። ሳይጠይቁኝ የቀሩበት ቀን የለም።

ሰባተኛዋንና ስምንተኛዋን አልነካኋቸውም። ሬንቹን አላልቼ ሳጥኑ ውስጥ መለስኩት። ቴስታታው ላይ ጨርቅ ጣል አድርጌበታለሁ፣ አቧራ እንዳይገባ። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ በእኛ በር ነው የሚያልፉት፣ በሩን ክፍት አድርጌ... ወይም ቁልፋቸው እዚህ ቀርቷል፣ የ15ቱ፣ እሱን ላደርስ ብዬ...

እስቲ፣ ዝናቡ ጀመረ፣ ጣሪያው ይሰማችኋል መሰለኝ።