የዋይድባንድ ኦክስጅን ሴንሰር ኪት ስንገዛ፦ ከጌጁ በፊት ኮንትሮለሩን እንይ

ጤና ይስጥልን፣ የተከበራችሁ ተመልካቾቻችን። እንደ ወትሮው ከደብረ ብርሃን፣ ከጋራዣችን ነን። ዛሬ የምንነጋገረው ከማርሚታው ጭስ ውስጥ ኦክስጅን እየለካ ሞተር ለማስተካከል የሚያገለግል የዋይድባንድ ኦክስጅን ሴንሰር ኪት ስንገዛ ምን ማየት እንዳለብን ነው። ላምዳ ምን እንደሆነ ባለፈው ስላየን በአጭሩ ብቻ ላስታውሳችሁ፦ አየርና ቤንዚን ልክ ሲመጣጠኑ ላምዳ 1 ነው፤ ቤንዚን ሲበዛ ከ1 ያንሳል፣ አየር ሲበዛ ከ1 ይበልጣል።

ዋይድባንድ ከተለመደው ሴንሰር፣ ከናሮውባንድ፣ በምን ይለያል ስባል ሁልጊዜ የምጠቅሰው የእህል ገበያውን ሚዛን ነው። በአንዱ ሳህን ገብስ፣ በሌላው የብረት ኪሎ ያለበትን ባለ ሁለት ሳህን ሚዛን አስቡት። ከሩቅ ቆሞ የሚያይ ሰው የትኛው ወገን እንዳዘነበለ ያውቃል፤ በስንት እንዳዘነበለ ግን አያውቅም። ናሮውባንድ ይህ ሰው ነው፤ ቤንዚን ሲበዛ ወደ 0.9 ቮልት ይወጣል፣ አየር ሲበዛ ወደ 0.1 ይወርዳል፣ ሌላ ነገር አይነግራችሁም። አሁን ነጋዴዋን ተመልከቷት። ኪሎ ትጨምራለች፣ ታነሳለች፣ በመጨረሻም ትንሿን ብረት በሁለት ጣቶቿ ይዛ ቀስ ብላ ታስቀምጣለች፤ ሳህኖቹ እኩል ሲሆኑ ስንት ኪሎ እንዳስቀመጠች ትቆጥራለች። ዋይድባንድም የሚሠራው እንዲሁ ነው። በውስጡ ያለችው ትንሽ ክፍል 450 ሚሊቮልት ላይ እንድትቆይ ኦክስጅን በኤሌክትሪክ ይገባል ወይም ይወጣል፤ ለዚያ የፈሰሰው ኤሌክትሪክ የሚዛኑ ኪሎ ነው። ላምዳ 1 ላይ ኤሌክትሪኩ ዜሮ ይሆናል፣ ሳህኖቹ ያለ ተጨማሪ ኪሎ እኩል ሆነዋልና። ኪሎውን የምታስቀምጠው የነጋዴዋ እጅ ደግሞ ኮንትሮለሩ ነው። እጁ ካልታመነ ሚዛኑ አይታመንም፤ ይህን የምለው ብዙ ሰው ኪቱን የሚመርጠው ንባቡን በሚያሳየው ጌጅ ውበት ስለሆነ ነው።

እዚህ ላይ ብዙዎቻችሁ የጠየቃችሁትን ሳልመልስ ማለፍ አልችልም። «ከተማችን ከ2,800 ሜትር በላይ ናት፣ ኦክስጅን ያንሳል፣ ታዲያ ሴንሰሩ አይሳሳትም ወይ?» ብላችኋል። ያነሰው የአየሩ ግፊት እንጂ የኦክስጅኑ ድርሻ አይደለም፤ ድርሻው ከፍታው ጣርማ በር ላይም ቆላው ሸዋ ሮቢት ላይም 21 በመቶ ያህል ነው። ግፊቱ ንባቡን በመጠኑ ይነካዋል፣ ላምዳ 1 አካባቢ ግን አይነካውም ማለት ይቻላል። በከፍታው የሚለወጠው የሞተሩ ድብልቅ ነው። ሸዋ ሮቢት ላይ ያስተካከልናት ባለ ካርቡሬተር መኪና ላምዳዋ 1 ነበር፤ ዳገቱን ወጥተን ጣርማ በር ዋሻ አፍ ስንደርስ ወደ 0.9 ወርዶ ነበር። አየሩ ሳስቷል፣ ካርቡሬተሩ ግን ቤንዚኑን በዚያው ልክ አልቀነሰም። ባለቤቱ «ሴንሰሩ ተበላሸ» አለ፤ ካንዴላውን ፈትተን ጥላሸቱን ስናሳየው ሴንሰሩ እውነቱን መናገሩን አየ። እንዲህ ያለውን ጥያቄ ላኩልን፣ ቻናላችንንም ሰብስክራይብ አድርጉ።

ወደ ምርጫው እንሂድ። ቦሽ ኤልኤስዩ 4.9 የሚባለው ሴንሰር ያለበትን ውሰዱ፤ ቀዳሚው 4.2 ከውጭ አየር ጋር ስለሚያነጻጽር በየጊዜው ንጹሕ አየር ላይ ካሊብሬት መደረግ፣ ማለትም ንባቡ መስተካከል፣ ይፈልጋል። ሶኬቱን አትቁረጡ፣ መለኪያ ሬዚስተሩ በውስጡ ነው። ንባቡን ወደ ሌላ መሣሪያ ከ0 እስከ 5 ቮልት ወይም በካን (በመኪናው የመረጃ መስመር) የሚያወጣ፣ በላምዳም የሚያሳይ ይሁን፤ ኢታኖል የተቀላቀለበት ቤንዚን ላይ 14.7 የሚለው የአየርና የቤንዚን ምጥጥን ቁጥር ያሳስታል፣ ላምዳ 1 ግን ያው 1 ነው።

ለእኛ ለደገኞች ከሁሉ የሚበልጠው ማሞቂያው ነው። 4.9 የሚሠራው 780 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሞቆ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ማለዳ ሞተር ስታስነሱ ከማርሚታው ጫፍ ውሃ ሲንጠባጠብ አይታችኋል፤ ያ ጠብታ የጋለ ሴራሚክ ላይ ካረፈ ሴራሚኩ ይሰነጠቃል። ጌጁ በቀለም የሚያብረቀርቅ ኪት ገዝቼ፣ ኮንትሮለሩ ቁልፍ እንደዞረ በሙሉ ኃይል የሚያግል ሆኖ፣ ሴንሰሩ በሁለተኛው ሳምንት ሞተብኝ፤ ሻጩም ጥፋቱን በእኔ ላይ አደረገ። ስለዚህ ሻጩን «ቀስ በቀስ ያሞቃል ወይ?» ብላችሁ ሳትጠይቁ ገንዘብ አትክፈሉ።

ስትገጥሙም ጭሱን ከሚያጣራው ከካታሊስቱ በፊት፣ ጫፉ ወደ ታች አዘንብሎ ውሃ እንዳይተኛበት ይሁን። ኮንትሮለሩን አጥፍታችሁ መኪናውን አትንዱ፣ ሴንሰሩ ጥላሸት ይለብሳል። ከሴንሰሩ በፊት ማርሚታው ቀዳዳ ካለው ወይም አንድ ካንዴላ ካላቀጣጠለ ኦክስጅን ሾልኮ «አየር በዝቷል» ይላችኋል፤ ያን ጊዜ ቤንዚን ከመጨመራችሁ በፊት ማርሚታውን አስበይዱ፣ ካንዴላውንም ቀይሩ።