«ስለ ሰለመ» ወይስ «ሰልሟል ተብሎ»?

እሷ፦ ሰላም ጀማዓ! ዛሬም ከደሴ ነን። አወሉን ጠጥተናል፣ ቶናው እየተንተከተከ ነው። ወንድሜ ግን ፊቱ ልክ አይደለም።

እሱ፦ እንዴት ልክ ይሁን? አባቴ «የአቤቶ ኢያሱን፣ የምኒልክን የልጅ ልጅና አልጋ ወራሽ፣ ታሪክ ፈልግልኝ» አሉኝ። ዓይናቸው ስለደከመ በማጉያ መነጽር ነው የሚያነቡት። ከአንድ የአሮጌ መጽሐፍ ነጋዴ ገዛሁላቸው። ሽፋኑ ቆንጆ ነው፣ ወረቀቱም አልሻገተም። ሰገሌ ጦርነት ላይ ሲደርሱ ከ212 ዘሎ 229 አይሆን መሰለሽ? ተገንጥሏል።

እሷ፦ (ሳቅ) የኢያሱ አባት ንጉሥ ሚካኤል ሰገሌ ላይ ሳይሸነፉ ቀሩ በለኛ!

እሱ፦ አባቴም «አልሐምዱሊላህ፣ በዚህኛው እንኳ ተረፉ» ነው ያሉት።

እሷ፦ አብሽር። ገጹ ሙሉ ቢሆንስ መጽሐፉ ጥሩ ነበር?

እሱ፦ እሱንማ መች አየሁ! ሽፋን አይቼ ነው የገዛሁት። ያ ኢያሱ ጥምጣም የጠመጠመበት ፎቶ አለ አይደል?

እሷ፦ ያ ፎቶ «የተሠራ ነው» እየተባለ ስንት አከራክሯል! እኔ ሽፋን አላይም። ከመጀመሪያውም አልጀምርም። ነጋዴው ፊት ቆሜ መስከረም 17 ቀን 1909ን ፈልጌ እከፍታለሁ። የመስቀል ዕለት። ኢያሱ ሐረር ነው፣ መኳንንቱ አዲስ አበባ ተሰብስበዋል። አቡነ ማቴዎስ ለኢያሱ ከገቡት መሐላ ፈቷቸው፣ እሱ ተሻረ። ዘውዲቱ ንግሥት፣ ተፈሪ አልጋ ወራሽ ተባሉ። እዚህ ጋ አንዲት ነገር ብቻ ነው የማየው። ጸሐፊው የሚለው «ስለ ሰለመ ተሻረ» ነው ወይስ «ሰልሟል ተብሎ ተሻረ»?

እሱ፦ ኧረ! በአንድ «ተብሎ» መጽሐፍ ይጣላል?

እሷ፦ እኔ እመልሰዋለሁ። «ስለ ሰለመ» ካለ የከሳሹን ቃል የራሱ አድርጎታል። ክስ ሌላ፣ ፍርድ ሌላ። ክሱንስ ማን አቀረበው? የዓለም ጦርነት ላይ ነን። የእንግሊዝ፣ የፈረንሳይና የጣልያን ሌጋሲዮኖች (የዛሬ ኤምባሲ በላቸው) ልጁ ወደ ቱርክና ጀርመን አዘንብሏል ብለው ተጨንቀዋል። ይሄ ሁሉ ሳይነሳ ጥምጣም ብቻ ከተወራ መጽሐፉ ጎደሎ ነው።

እሱ፦ እሺ፣ እኔ ደግሞ በሌላ በኩል ልምጣብሽ። እኛ ወሎዬዎች «የኛ ልጅ» ሲባል እንቀልጣለን። አሁን አሁን ቅዱስ አድርገው የሚጽፉትስ? ዋና ከተማውን ለወራት እየተወ በረሃ ለበረሃ ሲዞር እንደነበር ይዘሉታል። ሹማምንቱ የት ሄደው ይጠይቁት? እሱን የማይጽፍ መጽሐፍ ለኔ የሰርግ ዘፈን ነው።

እሷ፦ በዚህ አልከራከርህም። ደግሞ ሲሻር ገና ሃያ አንድ ዓመት ገደማው ነው። ዘውድም አልጫነም። ለዚህ እኮ ነው እስከ ዛሬ «ልጅ» ኢያሱ የምንለው።

እሱ፦ አባቴ «ልጅ» ሲባል ይቆጣሉ። አቤቶ ነው!

እሷ፦ ይቆጡ፣ ልክ ናቸው። ግን ስለ እምነቱ የሚጽፍ ሰው ወሎን ካላወቀ ይስታል። የኢያሱ አባት ኢማም መሐመድ አሊ ነበሩ። በ1870 አፄ ዮሐንስ ስለ ሃይማኖት ከጠሩት ከቦሩ ሜዳ ጉባኤ ወዲህ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፣ የክርስትና አባታቸው አፄ ዮሐንስ። ቦሩ ሜዳ ይኸው አፍንጫችን ሥር አይደል? በኛ ሰፈር እኮ አንዱ ወንድም መሐመድ፣ አንዱ ኃይለሚካኤል የሆነበት ቤት ሞልቷል። በዓል ሲሆን ሁለት ቢላ ነው የሚሳለው። ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩት አዳራሽስ ስሙ ምንድን ነው?

እሱ፦ አይጠየፍ!

እሷ፦ በቃ። ከዚህ ቤት የወጣ ልጅ መስጊድ ገባ ተብሎ እንደ ጉድ ሲጻፍ፣ ጸሐፊው ደሴን በካርታ ብቻ ነው የሚያውቃት እላለሁ።

እሱ፦ ተፈሪ ኋላ ጃንሆይ ኃይለ ሥላሴ ሆነው ስለ ራሳቸው የጻፉትስ? እሱም ውስጥ ኢያሱ አለ።

እሷ፦ ይነበብ እንጂ! ግን የተከራካሪ ወገን ቃል መሆኑን ይዘህ። የሚገርመው እሱን መጻፍ የጀመሩት እሳቸውም በተራቸው ዙፋናቸውን አጥተው፣ እንግሊዝ አገር ባዝ ከተማ በስደት ሳሉ ነው።

እሱ፦ ዱንያ!

እሷ፦ ሌላው ዘመን አቆጣጠር ነው። ምኒልክ ኢያሱን አልጋ ወራሽ ያደረጉት ግንቦት 1901 ነው፤ በፈረንጅ 1909 ማለት ነው። የተሻረው በኛ 1909። የተዝረከረከ ትርጉም ሁለቱን ይቀላቅልና ልጁን በአንድ ዓመት ሾሞ ይሽረዋል። ምኒልክ ደግሞ ያረፉት ታኅሣሥ 1906 ነው። እነዚህ ከተምታቱ ሌላውንም አላምነውም።

እሱ፦ መጨረሻውስ? በ1913 ተያዘ፣ ፍቼ ታሰረ። በ1924 አምልጦ እንደገና ተያዘና ሐረርጌ፣ ጋራ ሙለታ ወረደ። እዚያው በእስር ኅዳር 1928 ሞተ፤ ጣልያን በገባ በሁለት ወር ገደማ። አሟሟቱ ግን ዛሬም ያጨቃጭቃል።

እሷ፦ እሱ ነው ሁለተኛው መፈተኛዬ። አሟሟቱን በምልልስ የጻፈ፣ «እንዲህ አለው፣ እንዲህ መለሰለት» የሚል ካለ አስቀምጠው። ጸሐፊው እስር ቤቱ ውስጥ ምን ያደርግ ነበር?

እሱ፦ (ሳቅ) እሺ፣ አሁን ለአባቴ ምን ልውሰድላቸው? ማታ ይጠብቁኛል።

እሷ፦ የኔን ውሰድ። «ተብሎ» የሚለው ነው። ፊደሉ ግን ደቃቅ ነው፣ ማጉያውን አይርሱ።

እሱ፦ ሰገሌ አለው?

እሷ፦ አለው። ጥቅምት 17፣ ሙሉ ምዕራፍ።

እሱ፦ ወይኔ፣ እንግዲህ ንጉሡ ሊሸነፉባቸው ነው።