ቺንጋው ሲወልቅ የሚታየው

እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ርዕሴ የሞተር ቺንጋ ነው። አዎ፣ ያ ከሞተሩ ፊት ለፊት የሚሽከረከረው ጥቁር ቤልት። ሰሞኑን የፒካፔን ቺንጋ እቤት ራሴ ቀየርኩትና ስለሱ ማውራት አማረኝ።

ብዙ ሰው ከሚያስበው በላይ ሸክም ያለበት ነገር ነው። ክራንኩ፣ ማለትም የሞተሩ ዋና ዘንግ ላይ ያለው ፑሊ (ቺንጋው የሚጠመጠምበት ክብ ነገር) ቺንጋውን ይጎትታል፣ ቺንጋው ደግሞ ዲናሞውን፣ የመሪውን ፓምፕ፣ የኤሲውን ኮምፕረሰር፣ በብዙ መኪኖች ላይ የውሃ ፓምፑንም ጭምር ያዞራል። መንገድ ላይ ከተበጠሰ የባትሪ መብራቱ ይበራል፣ መሪው ይከብዳል፣ የውሃ ፓምፑም በሱ የሚዞር ከሆነ የሙቀቱ ቀስት እያያችሁት ሽቅብ ይወጣል። ያኔ “ትንሽ ልንዳውና እደርሳለሁ” የለም። ጥግ ይዞ ሞተር ማጥፋት ነው። ከታይሚንግ ቤልት ጋር ግን እንዳታምታቱት፣ እሱ በብዛት ሽፋን ውስጥ ያለ፣ ሥራውም ሌላ የሆነ ነገር ነው።

የኔ ምልክት ድምፅ ነበር። ጠዋት ሲነሳ ይጮሃል፣ ሲሞቅ ይተወዋል። እንዲህ ሲሆን ብዙ ሰው ወይ የቺንጋ ስፕሬይ ይነፋበታል፣ ወይ ዝም ብሎ አዲስ ቺንጋ ገዝቶ ያስገባል። ስፕሬዩን እኔ አልወደውም። ድምፁን ለጊዜው ያፍነዋል፣ አቧራ ይሰበስባል፣ ምክንያቱ ግን እዛው ተቀምጧል። ከዚያ ይልቅ ሞተሩ እየሠራ፣ እጅና እጅጌን በደንብ አርቆ፣ ሸንተረር ባለው ጎኑ በኩል ትንሽ ውሃ ረጨት ማድረግ ብዙ ይናገራል። ድምፁ ለአፍታ ጠፍቶ ከተመለሰ ፑሊዎቹ በአንድ መስመር ላይ አይደሉም ማለት ነው። ከባሰበት ደግሞ ቺንጋው እየተንሸራተተ ነው፣ ውጥረቱ ላልቷል። የኔው ባሰበት።

ድሮ የነበሩት ቺንጋዎች ሲያረጁ ይሰነጠቁ ነበር፣ ስንጥቁን ቆጥሮ መፍረድ ይቻል ነበር። አሁን ያሉት አብዛኞቹ ኢፒዲኤም ከሚባል ጎማ ነው የሚሠሩት፣ እነሱ ብዙም አይሰነጠቁም። ልክ የመኪና ጎማ ጥርሱ እንደሚያልቀው ቀስ እያሉ ይበላሉ። ስለዚህ ኮፈን ከፍቶ “ስንጥቅ የለበትም፣ ደህና ነው” ማለት አሁን አይሠራም። አሮጌውን ከአዲሱ ጎን ሳስቀምጠው ልዩነቱ ቁልጭ ብሎ ታየኝ። የአዲሱ ሸንተረሮች ወፍራም ናቸው፣ በመሃላቸው ያለው ቦይ ጠባብ ነው። የአሮጌው ግን ሸንተረሩ ሳስቶ ጫፉ ሹል ሆኗል፣ ቦዩ ሰፍቷል፣ ዳር ላይ ያለው ደግሞ ተፈልቅቆ ክሩ ወጥቷል። ቦዩ እንዲህ ሲሰፋ የፑሊው ጥርስ ታች ድረስ ይገባና ጎኑን ቆንጥጦ መያዝ ያቅተዋል። መንሸራተቱ ከዚያ ነው የሚመጣው።

ስትገዙ ጀርባው ላይ ያለውን ጽሑፍ እዩ። ለምሳሌ 6ፒኬ2100 ካለ፣ 6 ሸንተረር ያለው፣ ርዝመቱ 2100 ሚሊሜትር የሆነ ማለት ነው። “ይቀራረባል” ተብሎ የሚወሰድ ነገር አይደለም።

ማውለቁ ብዙ ወሬ የለውም። ሞተሩ ይቀዝቅዝ፣ ቁልፉ ይውጣ፣ የባትሪው ኔጌቲቭ ይፈታ። ቺንጋው በየት በኩል እንደዞረ በስልክ ፎቶ አንሱት፣ ኮፈኑ ስር ስዕል ቢኖርም አንሱት። ከዚያ መወጠሪያው ላይ፣ ማለትም ቺንጋውን በስፕሪንግ ገፍቶ ወጥሮ የሚይዘው ክፍል ላይ፣ እጀታው ረዘም ያለ መፍቻ አስገብቶ መግፋት፣ ሲላላ ቺንጋውን ከአንዱ ለስላሳ ፑሊ ላይ ማንሸራተት፣ መወጠሪያውን ደግሞ ቀስ ብሎ መመለስ። በድንገት ከለቀቃችሁት ጣት ይጎዳል። ቆየት ባሉ ፒካፖች ላይ ራሱን የሚወጥር ነገር የለም፣ የዲናሞውን ቡሎን አላልቶ ዲናሞውን ወደ ውስጥ መግፋት ነው።

እኔ በጣም የምወደው ሰዓት ይሄ ነው። ቺንጋው ወልቋል፣ ሁሉም ፑሊ ነፃ ነው። አንድ በአንድ በእጃችሁ አዙሯቸው። ዲናሞው ድምፅ ሳያሰማ ዞረልኝ። የውሃ ፓምፑን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ነቅነቅ አደረግኩት፣ አይንቀሳቀስም፣ ስሩም ደረቅ ነው። ከዚያ ያቺ ምንም የማታሽከረክር፣ ቺንጋውን አቅጣጫ ብቻ የምታስይዝ አይድለር ፑሊ ጋ ደረስኩ። ሳዞራት ውስጧ አሸዋ ያለ ይመስል ጣቴ ላይ ሻከረችኝ። ኩሽኔታዋ አልቋል። ሞተር እየሠራ ይሄ በጭራሽ አይሰማም ነበር። መወጠሪያውም ቢሆን ስገፋው እንደ ጉልበተኛ ስፕሪንግ አልታገለኝም። ሁለቱንም ቀየርኳቸው።

እና ቆሜ ሳስበው፣ የሚጮኸው ሁሌ ቺንጋው ነው፣ ስለዚህ የሚወቀሰውም እሱ ነው። የደከመ መወጠሪያ፣ ያለቀ ኩሽኔታ፣ ላዩ ላይ የሚንጠባጠብ ዘይት፣ ሁሉም ጥፋታቸውን በሱ አፍ ነው የሚናገሩት። አዲስ ቺንጋ ከተቀየረ ብዙም ሳይቆይ ድምፁ የሚመለስባቸው ሰዎች “ቺንጋው አንደኛ ደረጃ አይደለም” ይላሉ። ብዙ ጊዜ ግን ቺንጋው ምንም አላጠፋም። ለዚህ ነው ፑሊዎቹን ሳያዞሩ አዲስ የሚያስገቡ ሰዎች ሥራውን በግማሽ ነው የተዉት የምለው፣ ደግሞም ከባዱን ክፍል ጨርሰው፣ የሚቀረው የደቂቃዎች ጉዳይ ሆኖ።

አዲሱ ሲገባ ለስላሳው ፑሊ መጨረሻ ይሁን፣ ይቀላል። ከዚያ ሞተር ከማስነሳት በፊት በየፑሊው ላይ በመብራትና በጣት እየዳሰሳችሁ ሂዱ። አንድ ሸንተረር ወደ ውጭ ወጥቶ ከተቀመጠ ቺንጋው ራሱን ይቀዳድዳል፣ ከላይ ሆኖ ለሚያይ ደግሞ የታችኛው የክራንክ ፑሊ በቀላሉ አይታይም። ባትሪውን መልሳችሁ አስነሱ፣ ትንሽ እዩት፣ አጥፉና እንደገና እዩት። እኔ ከዚያ በኋላ መሪውን ወደ ዳር አዞርኩ፣ ኤሲ ከፈትኩ፣ መብራት አበራሁ፣ ሸክሙ ሁሉ ባንድ ጊዜ እንዲያርፍበት። በማግስቱም ጠዋት በብርዱ አስነስቼ አዳመጥኩት፣ አልጮኸም። የቺንጋውን ቁጥርና ኪሎሜትሩን ጽፌ ኮፈኑ ስር ለጥፌያለሁ።

መወጠሪያ የሌላቸውን፣ እየተለጠጡ የሚገቡትን ቺንጋዎች ዛሬ አላነሳኋቸውም። እነሱ የራሳቸው መሣሪያ ይፈልጋሉ፣ በሚቀጥለው ክፍል እመጣባቸዋለሁ። ሰላም ሁኑ።