ዶሮ መልሳ ትሰማለች

እንደምን አመሻችሁ ወገኖቼ። ከሥራ ውላችሁ፣ ያውም በዚህ የዲሲ ትራፊክ፣ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ።

ቤተሰቡ ውስጥ ጆሮው የደከመ ሰው የሌለው ከመካከላችን ጥቂት ነው። እናቴ በስልክ «እሺ፣ እሺ» ስትለኝ ግማሹን እንዳልሰማች አውቃለሁ። አገር ቤት ደግሞ የቲቢ መርፌ ተወግቶ ከዳነ በኋላ መስማት ያቃተው ሰው ታውቁ ይሆናል። መርፌው፣ ስትሬፕቶማይሲን የተባለው መድኃኒት፣ ሳንባን እያዳነ ጆሮን ሊጎዳ ይችላል።

የሚጎዳው ምኑ ነው? ውስጠኛው ጆሮ ውስጥ እንደ ቀንድ አውጣ የተጠቀለለ አካል አለ። እዚያ 15,000 ገደማ ሕዋሳት ተደርድረዋል። አናታቸው ላይ በዓይን የማይታይ ፀጉር አለ። ድምፅ ሲመጣ ፀጉሩ ዘንበል ይላል፣ ሕዋሱም ወደ አንጎል መልእክት ይልካል። በሰው ላይ እነዚህ ሕዋሳት ከሞቱ አይተኩም። የመስሚያ መሣሪያ ድምፅ ያጎላል እንጂ የሞተውን አያስነሳም።

ዶሮ ግን ትተካለች! እ.ኤ.አ. በ1988 ተመራማሪዎች የአእዋፍ ጆሮ በሞተው ሕዋስ ቦታ አዲስ እንደሚያበቅል አሳዩ። አዲሶቹ የሚወለዱት አጠገባቸው ካሉት ደጋፊ ሕዋሳት ነው። እነዚህ ደጋፊዎች እኛም አሉን። ታዲያ የእኛዎቹን ምን ከለከላቸው?

አንዱ ላብራቶሪ ዓሣ ያጠናል፣ ሌላው ጫጩት፣ ሌላው አይጥ። ሁሉም ያገኘውን እስኪያሳትም ከደበቀ መልሱ አይገጣጠምም። ሂሪንግ ሄልዝ ፋውንዴሽን የተባለው የአሜሪካ በጎ አድራጎት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2011 የጀመረው ፕሮጀክት ልቤን የገዛው ለዚህ ነው። የፕሮጀክቱን ገንዘብ የሚወስዱት ሳይንቲስቶች ውጤታቸውን ሳይታተም ለባልደረቦቻቸው ያካፍላሉ። እዚሁ ጎረቤታችን ሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ በተሠራው ጊር በተባለ ድረ ገጽ ደግሞ የጂን መረጃ ጎን ለጎን ይነጻጸራል።

ይህን ሳልናገር ባልፍ ቅር ይለኛል፦ በምልክት ቋንቋ የሚኖሩ ወገኖቻችን ጎደሎ አይደሉም። ለአስተርጓሚና ለትምህርት ቤታቸው ከምትሰጡት ላይ ሳንቲም እንድትቀንሱ አልፈልግም።

መድኃኒቱ ለከርሞ ይደርሳልም አልላችሁም። በ2024 ኦቶፈርሊን የተባለው ጂን ተበላሽቶባቸው የተወለዱ ልጆች በጂን ሕክምና መስማት እንደጀመሩ ተዘግቧል። ትልቅ ደስታ ነው። የእነሱ ሕዋስ ግን በሕይወት ነበር፤ የጎደለው አንድ ፕሮቲን ነው። የሞተውን መተካት ከዚያ ይከብዳል፣ ዓመታትም ይፈጃል።

ስለዚህ ጠረጴዛችሁ ላይ ያለውን የልገሳ ወረቀት ስትሞሉ፣ አንዴ ብዙ ከምትሰጡ በየወሩ ትንሽ ብትሰጡ እመርጣለሁ። ወጣት ተመራማሪ ቀጥሮ ለማቆየት የሚያስፈልገው የማይቋረጥ ገንዘብ ነው። የምትሰጡትም ውጤቱን ለሌላው ለሚያካፍል ቡድን ይሁን።